አፌ የማይጠራው ሐይቅ

የልጅ ልጆቼና ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፍ ታቅፈው ወደ ቤታችን የሚመጡት ጓደኞቻቸው፣ «ያንን የአዳራሹን ነገር ንገሪን» ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ደግሞ «አሁን እንደነገርሽን አድርገሽ ጻፊው» አሉ። የኔ ጽሕፈት የመሠረተ ትምህርት ዘመን ጽሕፈት ነው። የትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት መንደራችን ቡሹሎ፣ ዛፍ ሥር፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ አንባቢ ይታገሰኝ። እግሬም እንደዚያው ነው። ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው ስዞር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መናኸሪያ ሰፈር አድሬ መሃል ከተማ እውላለሁ፣ ሲያሰኘኝ ቡሹሎ እወርዳለሁ።

ነገሩ የሚነሳው ከአንድ ድምፅ ነው።

እኛ ሲዳማዎች ዘንድ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ከአፏ አታወጣም፤ በሌላ ቃል እየዞረች ታልፈዋለች። ባሊሻ ይባላል። የባሌ አባት ስም በ«ሀ» ይጀምራል። ሀ ይሁን፣ ሐ ይሁን፣ ኃ ይሁን፣ ለጆሮ አንድ ነው፤ ሁ እና ሆ ግን ሌላ ድምፅ ስለሆኑ አይከለከሉም። አሁን መጻፌን አትዩብኝ፤ የተከለከለው ለአፍ ነው፣ ብዕር አፍ የለውም።

የዛሬ ልጆች ብዙዎቹ ትተውታል። ክልከላው ለሲዳምኛ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን አማርኛ ስለምድ አብሮኝ ገባ። የባሌ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ጆሮ ድምፅ እንጂ ቋንቋ አይመርጥም» ይሉ ነበር። እናም አፌ ሐይቅ ብሎ አያውቅም፤ «ሰፊው» እላለሁ። ሐሙስን «የረቡዕ ማግስት»፣ ሐኪሙን «መርፌ ወጊው»፣ ሐዘንን «የሆድ ድንጋይ» እላለሁ። አገርና አሳብ እንኳ በ«አ» ስለሚባሉ አያስቸግሩኝም። የከተማችን ስም ግን አለ። ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ የኖርኩባትን ከተማ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስመለስ የአውቶቡሱ ረዳት «እማማ፣ የት ነው የሚወርዱት?» ቢለኝ «ሰፊው ጋ» አልኩት። «ሰፊው ማን ነው? መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበልዎታል?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። «ከሻሸመኔ ቀጥላ ያለችው» ብዬ ነው የተገላገልኩት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። የበኩር ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ርቃ ስለነበር ከኔ ጋር አደገች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፈረንሳይኛ ተማረች። ጎረቤቱ «ፈረንሳይኛ እዚህ ምን ይሠራል? ዓሣው ፈረንሳይኛ ይሰማል?» እያለ ሲያላግጥባት ከረመ። ተመልሳ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀጠረች። ቦርሳዋ ግን ሁልጊዜ ከባድ ነበር፤ መጽሐፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በፈረንሳይኛ እያየች በአማርኛ ትነግረኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን አንዱን መጽሐፍ ከዘጋች በኋላ፣ «ይህ ፈረንሳይ ደህና ሰው ነው» አልኳት።

«ፈረንሳይ አይደለም እማማ። ሃይቲ የሚባል ደሴት ሰው ነው፤ እንደኛ ጥቁር።»

በሚቀጥለው ጊዜ የሞሮኮ ሴት ሆነች። ከዚያ የሊባኖስ ሰው፣ ከዚያ የሩዋንዳ ልጅ። አንዱማ እዚሁ ጎረቤታችን፣ የጅቡቲ ሰው ነው፤ በረዶ በጋሪ እየገፋ ስለሚሸጥና ከመድረሱ በፊት ግማሹ ስለሚቀልጥበት ሰው የጻፈ። እሱን ስትነግረኝ በሳቅ ፈርሼ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን አለቀስኩ።

«ቆይ» አልኳት፣ «ታዲያ ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ፈረንሳዩ የቱ ነው?»

«እነሱም አሉ፤ ግን እነዚህን ነው የምወዳቸው። ቋንቋው የፈረንሳይ ይሁን እንጂ የሚናገሩበት የራሳቸውን ነው።»

ይህ እንኳ ለኔ አዲስ አልሆነብኝም። እኛስ ገበያ ላይ ምን እናደርጋለን? እኔ በሲዳምኛ አስቤ በአማርኛ እናገራለሁ። አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው የስልጤ ሴት በስልጢኛ አስባ በአማርኛ ትመልስልኛለች። ወላይታው አለ፣ ከምባታው አለ። አማርኛችን አንድ ነው፤ በውስጡ ግን እያንዳንዱ የእናቱን ቤት ይዞ ይዞራል። የነዚያም ሰዎች ፈረንሳይኛ እንደኛ ገበያ ነው ብዬ ያዝኩት።

ከመጽሐፎቹ ሁሉ አንዱ ልጅቷን እንቅልፍ ነሳት። ከቻድ የሆነች ሴት የጻፈችው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዲት ዓሣ ሻጭ አሮጊት አለች፤ የምትኖርበት ሐይቅ በየዓመቱ እየደረቀ ይሸሻታል። ውሃው ሲርቅ ጎጆዋን ነቅላ ትከተለዋለች። ልጆቿ «ከተማ ነይና እንጡርሽ» ይሏታል። ጎረቤት «ውሃ እኮ ተይዞ አይቀርም» ይላታል። እሷ «ልይዘው መች ነው፣ ልሸኘው ነው እንጂ» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ልጅቷ ስትነግረኝ የራሴን መንደር እየሰማሁ መሰለኝ።

«ይህን በአማርኛ አሳትመዋለሁ» አለች። ሆቴሉን በግማሽ ቀን አድርጋ ትተረጉም ጀመር። ግን አሮጊቷ እምቢ አለቻት። «የሌሎቹ ሰዎች ንግግር ይመጣልኛል፤ የአሮጊቷ ግን ቢሮ የምትሠራ ያስመስላታል» እያለች ትበሳጭ ነበር። በመጨረሻ መላ አገኘች። የአሮጊቷን ንግግር በሙሉ በደፈናው ትነግረኛለች፤ ከዚያ ስልኳን እንዲቀዳ ጉልበቴ ላይ ታስቀምጥና «አሁን እሷን ሆነሽ ተናገሪው» ትለኛለች። እኔም እሷን ሆኜ እናገራለሁ። ልጆቿን እቆጣለሁ፣ በዓሣ ዋጋ እከራከራለሁ፣ ከውሃው ጋር አወራለሁ። የሰማ ጎረቤት «እማማ ብቻቸውን ማውራት ጀመሩ» ብሎ ልጄ ጋ ደውሎ ነበር።

ተርጉማ ጨረሰች። ብዙ አሳታሚ ቤት አዞረችው። «ደራሲዋ አትታወቅም» ያላት አለ፤ «የእንግሊዝኛ ዝነኛ መጽሐፍ አምጪ» ያላት አለ። አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ ብቻ «እናየዋለን» አላት። ያ ቤትም እምቢ ካላት ሌላ የሚቀር በር አልነበረም፤ ይህን እሷም አውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ቀን አርታኢው ደወለ። በረንዳው ላይ ነበርን፤ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማሁት። ጨዋ ሰው ነው፣ ቀልድም ያውቃል።

«እህቴ፣ ትርጉሙ ድንቅ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይህ ሰፊው የሚባለው ማን ነው?»

«የቱ?»

«ገጹ ሁሉ እሱ ነው እኮ! ሰፊው ሄደ፣ ሰፊው ራቀኝ፣ ሰፊውን ተከትዬ ወጣሁ ትላለች። እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ የአሮጊቷ ውሽማ መስሎኝ ነበር። ደግሞ በየረቡዑ ማግስት ነው የምታገኘው!»

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«እማማ፣ ሐይቅ ሰፊው ይባል የለም እንዴ?»

«ይባላል እንጂ።»

«ማን ይለዋል?»

«እኔ።»

ለካ ልጄ፣ ያን ሁሉ ተምራ፣ ከሕፃንነቷ ከኔ አፍ ስትሰማው ስላደገች አማርኛ መስሏት ኖሯል። የሆድ ድንጋዩንም፣ መርፌ ወጊውንም፣ ሁሉንም እንዳለ አስፍራዋለች። ፈረንሳይኛውን ገልጣ አየች። እዚያ እንደማንም ሰው ሐይቅ ነው የሚለው፤ ሐሙስንም ሐሙስ።

«አቅኚው፣ ምን ቸገረሽ» አልኳት። «መጽሐፉ ይውጣልሽ።»

አቀናችው። ከዚያ ሁለቱንም አነበበችልኝ። የተቃናውን ስሰማው የራዲዮ ዜና ሆነብኝ። አሮጊቷ የለችም፤ ስለ ሐይቅ የምትነግረን ሌላ ሰው ናት። ልጅቷም ገባት። መልሳ ደወለች። «ይህች ሴት እኮ በመጽሐፉ ሙሉ የባሏን አባት በስሙ አትጠራም፤ ‹የዚያ ቤት ጥላ› ነው የምትለው። ምራት ናት። እንደ ምራት ትናገር» አለችው።

«እሱ ገብቶኛል» አላት። «ግን ደራሲዋ ሐይቅ ብላ የጻፈችውን እኛ ሌላ ብንለው ትርጉም ነው ወይስ ድርሰት? እኔ እንዲህ ሆኖ ላትመው አልችልም።»

እውነቱን ነው። ልጅቷም እውነቱን መሆኑን ስላወቀች ነው የከፋት። «አንቺን አውጥቼ ነው የማሳትመው?» አለችኝ። «እኔ የትም አልወጣም፣ እዚሁ በረንዳው ላይ ነኝ» አልኳት። አልሳቀችም።

በዚህ መሃል ደራሲዋ ራሷ ለመጻሕፍት ጉባኤ አዲስ አበባ መጣች። አርታኢው ሊያገናኛቸው ሲደውል፣ ሴትየዋ «እዚህ አገር ሐይቅ የት አለ?» ብላ ጠይቃለች አለ። እንዲህ ሆኖ ነው ወደኛ የመጡት። መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ተለመነ፤ ልጅቷ ከትርጉሙ ልታነብ፣ ሴትየዋ ጥያቄ ልትመልስ። አርታኢው ከመግባታችን በፊት በር ላይ፣ «አዳራሹ ይዳኘን» አላት። «እንዳለ አንብቢው። ሰው ግራ ከገባው ታቃኚዋለሽ። ከገባው እኔ አፌን ይዤ አትመዋለሁ።»

«እሺ» አለች። ወረቀቷን ሰብስባ ገባች።

ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ግን ልጆቼ ገበያውን ሁሉ ነግረውታል። ተማሪው መጣ፣ የሆቴሉ ባልደረቦቿ መጡ፣ የመዘምራን ልጆች ከልምምድ በቀጥታ መጡ። ከአሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች «ስለ ዓሣ ሻጭ ነው አሉ» ብለው በጀርባ በር ገቡ። ከቡሹሎ የባሌ የዕድሜ እኩያ የሆኑ ሽማግሌ ሳይቀሩ በባጃጅ ደረሱ። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ደራሲዋ ቁመቷ ሸንበቆ ነው፤ ዓይኗ ሰው ላይ ይቆያል። ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች፤ አማርኛውን ባትሰማም ድምፁን ልትሰማ።

ልጅቷ ጀመረች።

«ሰፊው ዘንድሮም ሳይሰናበተኝ ሄደ። ጠዋት ወጥቼ ባይ፣ ትናንት እግሬን የታጠብኩበት ቦታ ላይ ጭቃው ተሰነጣጥቋል...»

ከኋላዬ አንዱ ልጅ «ሰፊው ማን ነው?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። አርታኢው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። የልጅቷ ድምፅ ቀጠነ። እኔ ጫማዬን እያየሁ «አምላኬ፣ በኔ አፍ ልጄን አታሳፍራት» እላለሁ በሆዴ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ደግሞ ወጥቶ አዳራሽ ገብቷል።

ቀጠለች። «ልጄ የረቡዕ ማግስት ይመጣል። ነይ ይለኛል። የሆዴን ድንጋይ ማን ይሸከምልኛል ብዬ እሄዳለሁ?»

ይሄኔ ከጀርባ፣ ከዓሣ ሻጮቹ መሃል አንዷ ባልቴት ጭኗን መታ አድርጋ፣ «ውይ! አማቷ በ‹ሀ› ናቸው!» ብላ ጮኸች።

አዳራሹ ፈረሰ። የሳቁ ዓይነት ብዙ ነው፤ ይህኛው ሰው የጠፋ ዘመዱን መንገድ ላይ ሲያገኝ የሚስቀው ነው። «እኔ በ‹ቡ› ነኝ!» አለች ሌላዋ ተነሥታ፣ «ቡና ሳልል አረጀሁ እኮ!» አንዲት የከምባታ ሴት «እኛም ጋ አለ!» አለች። አንድ ሱቅ ያለው የጉራጌ ነጋዴ ሚስቱን በክርኑ እየነካ «አየሽ፣ አንቺ እኔን እንኳ በስሜ እየጠራሽ ነው የምትሰድቢኝ» አላት። እሷም «አንተ አባትህ ጥሩ ስም ቢኖራቸው አከብር ነበር» አለችው። ያልገባቸው ወጣቶች የገባቸውን ይጠይቃሉ፤ እናቶች ለልጆች ያስረዳሉ።

አርታኢው መጀመሪያ ያሾፉባት መስሎት ሊነሣ ነበር። ደራሲዋም ደንግጣ «ምን አጠፋሁ?» የምትል መሰለኝ፣ ልጅቷን ክንዷን ያዘቻት። ልጅቷ በፈረንሳይኛ ረዥም ነገር ነገረቻት፤ ወደ እኔ እያሳየች። ሴትየዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ተነሥታ ፊቴ መጣችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ልጅቷም ሳታስበው ተረጎመችው፦

«እማማ፣ የባልሽ አባት ስማቸው ማን ነበር? ትላለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጣራው ሊነሣ ደረሰ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጭንቅላቴን ወዘወዝኩ። ደራሲዋ ምን እንደጠየቀች ያኔ ገባትና ግንባሯን በመዳፏ መታች፤ እሷም ከሁላችን ጋር መሳቅ ጀመረች። የቡሹሎው ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙና «እኔ ልጥራላት! እኔን የሚከለክለኝ የለም!» አሉ። ጠሩትም። የአማቴን ስም፣ ከነአባታቸው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ጥርት አድርገው። ሴቶቹ እልል አሉ። የዚያ የገበሬ ስም በዚያ አዳራሽ እንዲህ ይጠራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ እንደ ሌላ ሰው አነበበች። ድምጿ እስከ ጀርባ በር ደረሰ። «ልይዘው መች ነው፣ ልሸኘው ነው እንጂ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሴቶቹ በሙሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጨርሳ ቀና ስትል ሰው ሁሉ ቆሟል፤ እልልታው ውጭ መንገደኛ አስቁሞ ነበር። አንድ ተማሪ «መጽሐፉ መቼ ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ አርታኢውን አየችው። እሱም ተነሥቶ «በቅርቡ» አለ፤ «አንድ ቃል ሳይነካ።»

ሲበተን ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ረቱኝ።»

«አልረታሁህም ልጄ፤ ምራቶቹ ናቸው የፈረዱት።»

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ውሽማ አይደለም አይደል?»

«ቢሆንስ?» አልኩት። «ዓሣ ሳያመጣልኝ የቀረበት ቀን የለም።»

በማግስቱ ጠዋት ደራሲዋን ይዘን ወደ ውሃው ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተደርድረው የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ። የዓሣ ሾርባ ጠጣች፣ ቃሪያው አቃጥሏት በእንባ ሳቀች። በጣቷ ውሃውን እያሳየች «ሴፊዮ» አለች። «ሰፊው» ብዬ አረምኳት። ደግማ አለችው። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ውሃውን አየች። የመንገድ ድካም መሰለኝ፤ ኩታዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት።

መጽሐፉ ታተመ። ልጅቷ ስሟ ከደራሲዋ ስም ሥር ተጽፎ ሲመጣ፣ የመጀመሪያውን ወስዳ ለእናቷ ሰጠች፤ ሁለተኛው የኔ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት፤ ቀስ ብዬ፣ አንዳንዴ አንዱን ገጽ ከሰዓቱን ሙሉ። ዓሣ ሻጮቹ በየተራ ይዋሱታል፤ የተመለሰው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መጽሐፍ ሻጩ ጋ ሰው ሲመጣ ትክክለኛውን ርዕስ የሚጠራ የለም፤ «ያ ሰፊው አለ?» ነው የሚለው። ልጅቷ አሁን ሦስተኛ መጽሐፏ ላይ ናት፤ ያንን የጅቡቲውን በረዶ ሻጭ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጡት ልጃገረዶችም ከሷ ፈረንሳይኛ ሊማሩ ነው የሚመጡት። ዓሣው ፈረንሳይኛ ይሰማል ወይ ያለው ጎረቤት ሴት ልጁን ልኳል።

ደራሲዋ ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ ዝም እንዳለች ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ልጅቷ ደራሲዋ ባለችበት አገር ለተርጓሚዎች ስብሰባ ተጠርታ ሄዳ ነበር፤ ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ደራሲዋ ነገረቻት። የሴትየዋ እናትም ምራት ሆና የኖረችው በሐይቅ ዳር መንደር ነው፤ የአማቷ ስም በነሱ ቋንቋ ሐይቅ በሚጀምርበት ድምፅ ስለሚጀምር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቁን ሐይቅ ብላው አታውቅም። ሴትየዋ መጽሐፉን መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ስትጽፈው የአሮጊቷን ንግግር ሁሉ በእናቷ አፍ ነበር የጻፈችው። እዚያ ያለው አሳታሚ «አንባቢ አይገባውም» ብሎ የእናቷን ቃል በየገጹ በሐይቅ ተካው፤ እሷም የመጀመሪያ መጽሐፏ ስለሆነ እሺ አለች።